ዜና መዋዕል ዘየካ፤ በእንተ አዋጀ ቅርስ

በ1934 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በመጋቢት ወር፣ ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ዓመት ሳይሞላ፣ አዋጅ ቁጥር 1 ነጋሪት ጋዜጣን አቋቋመ። ቀድሞ በገበያ ነጋሪት እየተጎሰመ የሚነገረው ከዚያ ወዲህ በወረቀት ሰፈረ። እኔም በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ ይህን የምጽፍ ከዚህ እጀምራለሁ፤ የተራራችን ዕጣ ሁሉ ውሎ አድሮ በዚያ ጋዜጣ ገጽ ላይ ወድቋልና።

በየካ ተራራ፣ በባሕር ዛፉ መካከል፣ ከዐለት የተፈለፈለ ዋሻ ሚካኤል የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጣሪያው ፈርሷል፣ ግድግዳው ግን ቆሟል። ካህናቱ አብርሃና አጽብሐ አሠሩት ይላሉ፤ ሊቃውንተ ታሪክ ብዙ መቶ ዓመት ዝቅ ያደርጉታል። በዚህ ክርክር አልገባም። ለሕጉ ሁለቱም ዕድሜ ይበቃው ነበር።

እንዴት ቢሉ፣ ፈረንጆች 1966 በሚሉት ዓመት አዋጅ ቁጥር 229 ስለ ጥንታዊ ቅርሶች ወጣ፤ ጥንታዊ ማለት ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ነው ብሎም ወሰን ቆረጠ። 1850 ዓጼ ቴዎድሮስ በነገሡ በሦስተኛው ዓመት ነው። በዚህ መስፈሪያ የመቅደላ ጦርነት ቅሪት አልገባም፣ የአድዋም አልገባም። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ራሷ ውጭ ቀረች። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም በሕጉ ፊት የትናንት ቤት ሆነች፤ ዋሻ ሚካኤል ግን ያለ ሙግት ገባ። ድል አድራጊዎቹን ከደጅ ያቆመ አዋጅ ብዬ እፈርድበታለሁ።

ከዚህ በኋላ ሌላ መዝገብ ተከፈተ። በ1961 ዓ.ም. አዋሽ ለሳላው፣ በጥቅምት 1962 ዓ.ም. ሰሜን ለዋልያው፣ ብሔራዊ ፓርክ ተብለው በትእዛዝ ተከለሉ። በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ የዩኔስኮ ኮሚቴ በዋሽንግተን ተሰብስቦ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ላሊበላንና ሰሜንን ባንድ ጉባኤ ተቀበለ። እኛ ዘንድ ግን ላሊበላ ወደ ቅርስ መሥሪያ ቤት፣ ሰሜን ወደ ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት እንደ ተለያዩ ቀሩ። አሜሪካኖች በበኩላቸው፣ በነሱ አቆጣጠር በ1933፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር የከረመበትን ሞሪስታውንን የመጀመሪያው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ብለው አቋቁመው፣ አዛዡ ያደረበትን ቤትና ወታደሩ የሰፈረበትን ጫካ ባንድ ሕግ አስተዳደሩ።

ደርግም ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው አዋጅ ቁጥር 36ን አወጣ፤ ብዙ አልቆየም። ሰኔ 20 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ አዋጅ ቁጥር 209 ተተካ። ይህ የዓመት ወሰን አላስቀመጠምና እንጦጦም አድዋም ገቡ። ቅርስን መንግሥትም ግለሰብም ሊይዘው እንደሚችል ተናገረ፤ የያዘው በራሱ ወጪ ይንከባከበው አለ። ደግሞም ለቤት መሠረት ወይም ለመንገድ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ ያስታውቅ፣ ያገኘውንም ሳይነካ ይጠብቅ ሲል አዘዘ። ሚኒስትሮች ምክር ቤት በከለለው ቦታም ያለ ፈቃድ ግንባታን ከለከለ።

በዚያን ወራት ይህን ድንጋጌ በየካ አባዶ ያነሳ ሰው አላየሁም። በ1997 ዓ.ም. ለቤት የተመዘገበው ሕዝብ ዕጣውን ይጠብቅ ነበር፤ ኤክስካቫተርና ገልባጭ መኪና ገብቶ የጤፉ ማሳ ፎቅ ሆነ፣ ሰፈሩም በፕሮጀክት ቁጥር ተጠራ። ቤት የቸገረው ሰው መሠረት ሲቆፈር ገል ወጣ ብሎ ሥራ አያስቆምም፤ አልፈርድበትም።

በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 839 ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ መደበ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተቋቁሞ አባዶ ከየካ ወጣ፣ ስሙ ግን አልተለወጠም።

አሁን ከአባዶ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው የሚያየው ሸንተረር አንድ ነው። ዋሻው በ209፣ ደኑ በ2010 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065፣ ከግርጌው ያለው የከተማ መሬት በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ይዳኛል። ታሪካዊ ፓርክ የሚያቋቁም ሕግ ይረቀቅ የሚል ቢነሣ፣ ከአጥርና ከመግቢያ ዋጋ በፊት ወሰኑ ይጻፍ፤ ታቦቱንና ንዋየ ቅድሳቱን ደብሩ፣ ዛፉን የደን ሹም፣ መንገዱን ማዘጋጃ ቤት ይያዝ፤ ሦስቱ ሲጣሉ የሚዳኘው መሥሪያ ቤትም በስሙ ይጠራ።