ጎራዴውና ውጅግራው

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ጽሑፍም የተነሣው ከአንድ ክርክር ነውና ከሥሩ ልጀምር።

የሰፈራችን ወጣቶች ለየካቲት 23 የዐድዋ መታሰቢያ ቴአትር ሲያዘጋጁ ሰንብተዋል። ጋሻው ከካርቶን፣ ጎራዴው ከጣውላ ተሠርቷል። ልምምዱን ያየ ሰው ግን ልጆቹ የጎራዴ አያያዝ የተማሩት ሞያሌ ከተማ ቪዲዮ ቤት ከሚታየው የጃፓን ሳሙራይ ፊልም መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ጎራዴውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይዘላሉ፤ ይሽከረከራሉ። የኛ ሰው ጋሻውን በግራ፣ ጎራዴውን በቀኝ ይዞ ይዋጋ እንደ ነበር የነገራቸው የለም። በመድረኩ ላይ አንድም ጠመንጃ የለም።

ልምምዱን ሲያዩ የነበሩ አንድ አረጋዊ፣ «ጠመንጃውስ?» ብለው ጠየቁ። አዘጋጁም፣ «አባባ፣ ጠመንጃ መድረክ ላይ አያምርም፤ የሚያምረው ጎራዴ ነው» አላቸው። እሳቸውም፣ «አያቴ ውጅግራውን የገዛው በሬውን ሸጦ ነው። በሬውንም ከታሪኩ አወጣችሁት ማለት ነው» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

ውድ አንባቢያን! ማን ነው ትክክል? ልጆቹ ከጃፓን ፊልም ስለ ተነሡ እኛም ከዚያው እንነሣ።

አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1954 «ሰባቱ ሳሙራይ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ታሪኩ የ16ኛው መቶ ዓመት ታሪክ ነው። በዚያ መቶ ዓመት፣ በ1543፣ ፖርቱጋሎች ጠመንጃን ወደ ጃፓን አስገብተው ነበርና በፊልሙ ውስጥ ሽፍቶቹ ጥቂት ጠመንጃ አላቸው። ከሰባቱ አራቱ ይሞታሉ። አራቱም የሚሞቱት በጥይት ነው፤ ከሁሉ የላቀው ጎራዴ አዋቂ ሳይቀር። ይኸው ሰው በ1962 በሠራው «ሳንጁሮ» መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአንድ ተመቺ ደረት ደም እንደ ምንጭ ይፈነዳል። ከሰው ገላ ደም እንደዚያ አይፈስም። ነገር ግን ተመልካቹ ማጋነኑን በዓይኑ ስለሚያየው አይታለልም።

በ2003 ሆሊዉድ የሠራው «የመጨረሻው ሳሙራይ» ከዚህ ይለያል። ልብሱም ጥሩሩም በጥንቃቄ ስለ ተሠራ ሁሉም እውነት ይመስላል። በዚያ ፊልም ጀግኖቹ ጠመንጃን ንቀው በጎራዴና በቀስት ይዋጋሉ። ፊልሙ የተነሣበት የ1877ቱ የሳይጎ ታካሞሪ ዓመፅ ግን እንዲህ አልነበረም። ዓመፀኞቹ ጠመንጃም መድፍም ነበራቸው፤ በጎራዴ ብቻ የቀሩት ጥይት ሲያልቅባቸው ነው። እንግዲህ ያጋነነው እውነቱን ሲጠብቅ፣ እውነት የመሰለው ዋሸ።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የዐድዋን ሥዕል ያላየ የለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰማይ ይወርዳል። የኛ ሰዎች ሁለቱም ዓይናቸው ሲታይ ጠላት በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላል። ይህ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች የመጣ ወግ ነው፤ ጦርነቱ እንዲህ ነበር ብሎ የሚያምን የለም። ነገር ግን ያው ሠዓሊ በወገኑ እጅ ጠመንጃ ያስይዛል፤ መድፉንም በሁለቱም ወገን ያሰልፋል። ጎራዴና ጋሻውንም አይረሳም፤ ጦሩ ሲደባለቅ እነሱም ሠርተዋልና። ሠዓሊው አጋነነ እንጂ አልደበቀም።

ልጆቻችን ግን ደበቁ። ጠመንጃው ሲወጣ አብሮት ብዙ ነገር ይወጣል። ዐፄ ምኒልክ ለዓመታት ከፈረንሳይም፣ ከሌላውም፣ ከጣሊያን ከራሷም ጭምር መሣሪያ ማከማቸታቸው ይወጣል። በመቀሌ ምሽግ እቴጌ ጣይቱ ውሃውን ማስያዛቸውም ታሪክ ሳይሆን ተረት ይመስላል፤ ጎራዴ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ብልሃት ምን ያደርጋል? ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩት ድፍረት ብቻውን እንደማይበቃ ስላወቁ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸው ያለፈው ጃፓን የሜይጂን ዘመን በጀመረችበት ዓመት ነው። ኋላም በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓንን ሲጎበኙ የሳባቸው የጎራዴዋ ውበት ሳይሆን ሥልጣኔዋ ነበር።

እዚህ ሰፈር ካለነው ብዙዎቻችን ጥይት ምን እንደሚያደርግ ከፊልም አልተማርንም። እዚሁ የተወለደው ልጅ ግን አገሩን የሚያውቀው እኛ በምናሳየው ብቻ ነው። ጀግንነት ማለት ባዶ እጅን ወደ ጥይት መሮጥ ነው ብለን ካስተማርነው፣ ነገ አንዱ «ሩጥ» ቢለው ይሮጣል። አያቶቹ ግን በሬ ሸጠው፣ ስንቅ ቋጥረው፣ መክረውና ተዘጋጅተው ነበር የዘመቱት።

ስለዚህ ልጆቹ ይዝለሉ፤ ጎራዴውም ያብለጭልጭ፤ ቴአትር ነውና። ከተረፈው ጣውላ ግን ጥቂት ውጅግራ ይሠራ። የመጀመሪያውንም ለሽማግሌው ይዘን ሄደን፣ አያታቸው እንዴት ይሸከሙት እንደ ነበር እንዲያሳዩን እንለምናቸው።

ቸር ይግጠመን።