ጀርመን አገር ማስተርስ፤ «ነፃ ትምህርት» ምን ያህል ነፃ ነው?

ባለፈው እሑድ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ከሰላምታው በኋላ የመጣው ጥያቄ በወር ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚቀርብልኝ ነው። «ጀርመን ትምህርት በነፃ ነው አሉ፤ እንዴት ነው የሚኬደው?» ማስተርሴን እዚያው አገር ስለሠራሁ ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ እንደ መረጃ ማዕከል ይቆጥረኛል። ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ስለሚመጣ የማውቀውን በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በነፃ» የሚለው ቃል ከግማሽ በላይ እውነት ነው። አብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመደበኛ ማስተርስ ከውጭ አገር ተማሪም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። በየሴሚስተሩ የሚከፈል መዋጮ ግን አለ፤ እንደ ከተማው ከመቶ እስከ አራት መቶ ዩሮ ይደርሳል፤ በብዙ ቦታ የአውቶቡስና የባቡር ትኬትን ይጨምራል። ይሁን እንጂ ጀርመን አሥራ ስድስት ክልሎች ያሏት ፌዴሬሽን ናት፤ ከፍተኛ ትምህርትም በዋናነት የክልሎቹ ጉዳይ ነው። ሃይደልበርግ፣ ሽቱትጋርት፣ ፍራይቡርግና ካርልስሩሄ የሚገኙበት የባደን ቩርተምበርግ ክልል ከ2017 የክረምት ሴሚስተር ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ማስከፈል ጀምሯል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2024 የክረምት ሴሚስተር ወዲህ ለሚገቡ አዲስ የማስተርስ ተማሪዎች እንደ ትምህርት ዓይነቱ በሴሚስተር ከ4,000 እስከ 6,000 ዩሮ ወስኗል። ለሥራ ኃላፊዎች ተብለው የሚሰጡ እንደ ኤምቢኤ ያሉ ትምህርቶችም በአብዛኛው በክፍያ ናቸው። (በነገራችን ላይ እነሱ «ክረምት» የሚሉት ሴሚስተር የሚጀምረው የእኛ ክረምት አልቆ፣ ከመስቀል ማግስት ነው። በዚህ የተሳሳተ ሰው አውቃለሁ።)

ትልቁ ወጪ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቪዛ ለማግኘት አመልካቹ ለአንድ ዓመት የሚኖርበት ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት። ስኮላርሺፕ የሌለው ሰው ይህን የሚያደርገው ጀርመኖች «ስፐርኮንቶ» በሚሉት ዝግ ሒሳብ ነው። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የሚጠየቀው 11,904 ዩሮ ሲሆን፣ ተማሪው እዚያ ከደረሰ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ ብቻ ይለቀቅለታል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 2024 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ዛሬ ይህን ሒሳብ ለመሙላት የሚነሳ ቤተሰብ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ማሰብ አለበት፤ የውጭ ምንዛሪውን ከየት እንደሚያገኝ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው «ገንዘቡን ከዘመድ ተበድሬ አሳያለሁ፤ ቪዛው ሲወጣ እመልሳለሁ» ብሎ ያስባል። ይህ አይሆንም። ገንዘቡ በየወሩ እየተቆነጠረ የሚለቀቀው በትክክል ይህ እንዳይሆን ነው። የሚለቀቀውን 992 ዩሮ ለአበዳሪው የላከ ተማሪ የቤት ኪራይ የሚከፍልበት የለውም። አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ ቤተሰቦቹ የሚተዳደሩበትን ሚኒባስ ሸጠው ነበር የላኩት። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ለትምህርቱ ሳይሆን ለሚኒባሱ ሲጨነቅ ከረመ። ማስተርስ በአብዛኛው ሁለት ዓመት መሆኑንም አይርሱ። የመኖሪያ ፈቃዱ ሲታደስ ስለሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ እንደገና ይጠየቃል።

ሌላው አማራጭ ጀርመን የሚኖር ዘመድ በከተማው የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርቦ የኃላፊነት ግዴታ መፈረሙ ነው። በእኛ ባህል «ምን ቸገረኝ፣ ወንድሜ አይደል» ተብሎ የሚፈረም ዓይነት ወረቀት ግን አይደለም። የፈራሚው ገቢ ይመረመራል፤ ተማሪው የመንግሥት ድጎማ ላይ ቢወድቅ ወጪው ከፈራሚው ይጠየቃል። ዘመድዎን ከመጠየቅዎ በፊት ይህን ይንገሩት።

ከዚህ ሁሉ የሚገላግለው ስኮላርሺፕ ነው። በ1925 የተመሠረተው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ በተለምዶ «ዳድ» የምንለው፣ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የተዘጋጁ የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች አሉት። ለእነዚህ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪ ከተያዘም ከስድስት ዓመት በላይ ያለፈው መሆን የለበትም። ማመልከቻው የሚላከው በቀጥታ ትምህርቱን ለሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ነው። በአውሮፓ ኅብረት በኩል ከ2004 ጀምሮ የሚሰጠው ኢራስመስ ሙንዱስም አንዳንዴ ጀርመንን ጨምሮ ቢያንስ በሁለት አገሮች የሚያስተምር በመሆኑ አይታለፍ። የስድስት ዓመቱን ገደብ ልብ ይበሉ። «ትንሽ ልሥራና እሄዳለሁ» እያሉ ሰባተኛ ዓመታቸው ላይ የነቁ ጎበዝ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ኢትዮጵያዊ አመልካች ከሌላው አገር ሰው የበለጠ የሚንገላታው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ጣጣ ስም ነው። በዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል አጻጻፍ ያለው ሰው፣ ሁለቱም የእሱ መሆናቸውን ማስረዳት ሊኖርበት ነው። ጀርመኖች የቤተሰብ ስም ስለሚፈልጉ የአያትዎ ስም መጠሪያዎ ይሆናል። እኔም እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ፖስተኛው የሚያውቀኝ በአያቴ ስም ነበር፤ አያቴ ፊደል ሳይቆጥሩ ያለፉ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። አንዱ ሰነድ በእኛ፣ ሌላው በእነሱ አቆጣጠር ከሆነ ለአንባቢው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይታየዋል፤ ሳይወለዱ ትምህርት የጀመሩ መምሰልም ይመጣል። ከማመልከትዎ በፊት ሁሉንም አንድ ያድርጉ።

ሦስተኛው የወጪ መጋራት ዕዳ ነው። ወጪ መጋራት ከ2003 አዋጅ በኋላ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ዕዳውን አጠናቅቆ ክሊራንስ ሳይዝ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት ይቸገራል። ይህ የቀናት ጉዳይ የሚመስለው ያልሞከረው ብቻ ነው። ከገቢዎች ወደ ሬጅስትራር፣ ከሬጅስትራር ወደ ማህደር ክፍል ሲመላለሱ፣ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ሆኖ ሳምንታት ይሄዳሉ። ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ወር ሲቀረው ይህን የጀመረ ሰው ዓመቱን እንዳጣ ይቁጠረው።

ውጤትም ይተረጎማል። በእኛ አገር 4.00 የሰቃይ ተማሪ ውጤት ነው። በጀርመን ከፍተኛው 1.0 ሲሆን፣ 4.0 ለጥቂት ያለፈ፣ 5.0 ደግሞ የወደቀ ማለት ነው። መቀየሪያው ቀላል ነው። ከ4 ላይ የእርስዎን ውጤት ይቀንሱ፤ የተገኘውን ለ2 ያካፍሉ፤ በ3 ያባዙ፤ 1 ይደምሩ። ለ2 የሚካፈለው ማለፊያችን 2.00 ስለሆነ ነው። 3.20 ያለው ሰው 2.2 ያገኛል። ብዙ ትምህርት ክፍሎች «2.5 ወይም የተሻለ» ይላሉ፤ ይህም በእኛ 3.00 ነው። ውጤትዎ ከዚያ በታች ከሆነ ለዚያ ትምህርት ክፍል የማመልከቻ ገንዘብ አያውጡ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ማስረጃ የሚያስመረምሩት ዩኒ-አሲስት በተባለ ድርጅት በኩል ሲሆን፣ ለመጀመሪያው ምርጫ 75 ዩሮ፣ በዚያው ሴሚስተር ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 30 ዩሮ ያስከፍላል። ለክረምት ሴሚስተር የተለመደው የመዝጊያ ቀን ጁላይ 15 ቢሆንም፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ማስተርሶች ብዙዎቹ ከዚያ ብዙ ወራት ቀድመው ይዘጋሉ።

የድጋፍ ደብዳቤን በተመለከተ «ጻፈውና አምጣው፣ እፈርምልሃለሁ» የሚሉ መምህራን እንዳሉን የታወቀ ነው። አንድ ሰው የጻፋቸው ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ዓይነት ቋንቋ እንደሚናገሩ ግን መራጮቹ ያውቃሉ። የሚያውቅዎትን መምህር ደጅ ጠንተው ቢያስጽፉ ይሻላል።

ከቪዛው በኩል አንድ ለውጥ አለ። ድሮ ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ሰው ለኤምባሲው የቅሬታ ደብዳቤ ጽፎ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ይችል ነበር። ይህ አሠራር ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ያለው ምርጫ እንደገና ማመልከት ወይም በርሊን ለሚገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ሳያሟሉ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ቀበና መሄድ ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ ያስከፍላል።

ከደረሱ በኋላ ስለሚጠብቀው ነገር ሲወራ ብርዱ ይበዛል። ብርዱ በካፖርት ይታለፋል። እኔን ያስደነገጠኝ የፈተናው ሥርዓት ነው። ለእያንዳንዱ ፈተና ተማሪው ራሱ ይመዘገባል፤ ካልፈለገም ቀኑ ሳያልፍ ራሱ ይሰርዛል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ለአንድ ፈተና ተመዝግቤ፣ ዝግጅቴ ስላልጣመኝ ቤት ቀረሁ። አገር ቤት እንደለመድነው «ኢንኮምፕሊት» ይሰጡኛል ብዬ ነበር። የመጣው 5.0 ነው። በብዙ ትምህርት ክፍሎች አንድ ፈተና ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚሞከረው። በሦስተኛው የወደቀ ተማሪ ከትምህርቱ ይሰናበታል፤ ያንኑ ትምህርት በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ መቀጠልም በአብዛኛው አይችልም። ትምህርቱ ከቀረ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። የፈተና ደንቡ በጀርመንኛ የተጻፈ አሰልቺ ሰነድ ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያው ሳምንት በሚገባው ሰው አስነብበው ይረዱት። እኔ ያነበብኩት ከወደቅሁ በኋላ ነው።

በሥራ በኩል፣ ከማርች 2024 ጀምሮ የውጭ አገር ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እንዲሠራ ይፈቀድለታል፤ ቀደም ሲል 120 እና 240 ነበር። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ረዳት ሆኖ መሥራት ከዚህ አይቆጠርም። በሰዓት የሚከፈለው ዝቅተኛ ደመወዝ በ2025 ዓ.ም 12.82 ዩሮ ስለነበር ፈተናው ያለው እዚህ ነው፤ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ያደረ ሰው ጠዋት ክፍል ቢገባም እንቅልፉን ነው የሚማረው። አገር ቤት ገንዘብ ይጠበቃልና ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን በፈተና ከተሰናበቱ የማውቃቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ የወደቁት ከመጋዘን ሥራ ነው።

ሰላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ስለ ጤና መድን አስቀድሞ ይጠይቅ። ርካሹ የተማሪ የመንግሥት መድን ሰላሳ ዓመት በሚሞላበት ሴሚስተር ያበቃል፤ ከዚያ ዕድሜ በኋላ አዲስ የሚመጣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የግል መድን መግዛት ይኖርበታል። ቤት ሲፈልጉ ደግሞ ሳያዩ ማስያዣ የሚያስልኩ አጭበርባሪዎች አሉና፣ ቁልፍ ሳይቀበሉ ገንዘብ አይላኩ። ቤት ከተገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው አስተዳደር መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ይህ ወረቀት ከሌለ ሌላውም ጉዳይ አይንቀሳቀስም።

ተመርቆ የጨረሰ ሰው ሥራ እንዲፈልግ እስከ 18 ወር ፈቃድ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ከዩኒቨርሲቲ መምህርነት ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በትምህርት ፈቃድ ለወጣ ሰው ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ሲወጣ ተመልሶ ሊያገለግል ፈርሟል፤ ዋስም ጠርቷል። እሱ እዚያ ሥራ ሲይዝ፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለው ዋሱ በስልክ ይጠራና ስለ ዕዳው ይጠየቃል። በማንም አልፈርድም፤ መመለስም መቅረትም የራሱ ምክንያት አለው። ለመቅረት የወሰነ ሰው ግን ዋሱን ከደብዳቤው በፊት ራሱ ይደውልለት፤ ዕዳውንም ራሱ ይክፈል።

የእሑዱ ባልደረባዬ 33 ዓመቱ ነው፤ ዲግሪውን ከያዘ አምስተኛ ዓመቱ ሲሆን፣ ውጤቱ 3.10 ነው። ለዳድ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ዝግ ሒሳቡን እንዲተወውና ወጪ መጋራቱን እንዲጨርስ ነገርኩት። ማክሰኞ ሬጅስትራር ሄዶ «ማህደርህ አልተገኘም፣ ሐሙስ ተመለስ» ብለውታል።