ወደ አሶሳ ለሚጓዝ ሰው የታሪክ ስንቅ

ሰው ረጅም መንገድ ለመሄድ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ስንቁን ነው። የቀድሞው መንገደኛ በሶውንና ቆሎውን በአቁማዳ ቋጥሮ ይነሣ ነበር፤ የዛሬው ደግሞ የመኪናውን ጎማና ነዳጅ ይመረምራል፣ የሚያድርበትን ከተማና አረፍ የሚልበትን ስፍራ ያሰላል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ስንቅ ግን አለ፤ ይኸውም የሚያልፉበት አገር ታሪክ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወለጋ በኩል እስከ አሶሳ ለሚዘልቅ ጉዞ ያንን ስንቅ በመጠኑ ለማዘጋጀት የታሰበ ነው።

መንገዱ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ካርታ ዘርግቶ ለሚመለከት የአዲስ አበባ ሰው አሶሳ የመንገድ መጨረሻ ሆና ትታየዋለች። ታሪክን ለሚመለከት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቤኒሻንጉል ምድር የአባይ ቆላና የወለጋ ደጋ የሚገናኙበት፣ ወርቅና ጨው የሚለዋወጡበት መካከለኛ ስፍራ እንጂ የአገር ጠርዝ አልነበረም። የጉዞው ዕቅድ ከዚህ ግንዛቤ ቢነሣ መንገደኛው በየደረሰበት የሚያየው ነገር ሁሉ ትርጉም ያገኛል።

ወደዚህ ምድር መጀመሪያ የውጭ ሰዎችን የሳበው ወርቁ ነው። በ1814 ዓ.ም. የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ ኢስማኤል ፓሻ ሱዳንን ወርሮ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ እስከ ፋዙግሊ ዘለቀ፤ ፈረንሳዊው ተጓዥ ፍሬደሪክ ካዮም ከሠራዊቱ ጋር ነበረ። የተገኘው ወርቅ እንደ ተመኙት አልሆነም፤ ባሪያ ፍንገላው ግን ለብዙ ትውልድ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ በበርታ ምድር የምትገኘው የፋዳሲ ገበያ ስሟ ገነነ። ከደጋው አሞሌ ጨው፣ ቡናና ማር ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ጨርቅና ዶቃ ይመጣል፤ ከአካባቢው ደግሞ ከወንዝ አሸዋ የታጠበ ወርቅ ይቀርባል።

ከፋዳሲ ታሪክ ለጉዞ ዐቃጅ የሚሆን አንድ ትምህርት ይገኛል። በ1870 ዓ.ም. ፔለግሪኖ ማቴዩቺና ሮሞሎ ጄሲ የተባሉ ሁለት ኢጣልያውያን በሱዳን በኩል መጥተው ወደ ኦሮሞ አገርና ወደ ከፋ ለመዝለቅ ተነሡ። ሆኖም ከፋዳሲ ወዲያ ማለፍ ስላልቻሉ ተመለሱ። በ1873 ዓ.ም. የደረሰው ሆላንዳዊው ኽዋን ማሪያ ስኹቨር ግን በፋዳሲ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጠ፤ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ተላመደ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ እየተሻገረ ያየውን በዝርዝር ጻፈ። ባሪያ ፈንጋይ ከሰሜን እየመጣ መንደሩን ያቃጠለበት ሕዝብ ከዚያው አቅጣጫ የመጣን እንግዳ በጥርጣሬ ቢመለከት የሚደንቅ አይደለም። መንገደኛ ጉዞውን ያቅዳል፤ መንገዱን የሚከፍተው ግን ባለአገሩ ነው።

እንግዲህ ጉዞውን እንጀምር። የመጀመሪያው ማረፊያ ከአዲስ አበባ ሳይወጡ የሚገኝ ነው። በከተማይቱ ሰሜን ምዕራብ ያለው ሸጎሌ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ቤኒሻንጉል ዘምተው ቤላ ሻንጉልን፣ ሖሞሻንና አቆልዲን ለአፄ ምኒልክ መንግሥት ባስገበሩ ጊዜ ሼህ ሆጀሌ የአቆልዲ፣ ማለትም የዛሬው የአሶሳ አካባቢ ገዥ ነበሩ። ኋላም ከጎረቤቶቻቸው ሁሉ ገነው፣ ወርቅ እየገበሩ፣ በአዲስ አበባ ቤት ሠርተው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1930 ዓ.ም. ድረስ ስመ ጥር ሆነው ኖረዋል። ስለዚህ ወደ አሶሳ የሚሄድ ሰው አሶሳ አስቀድማ ወደ እርሱ ከተማ መጥታ እንደ ነበር ሳይረዳ መነሣት የለበትም።

ከዚያ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ አዲስ ዓለም ትገኛለች። አፄ ምኒልክ የማገዶ እንጨት ቢያልቅባቸው ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ነበር፤ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ስላዳናት ለቤተ መንግሥት የታሰበው ስፍራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አምቦ ላይ የታወቀውን ውሃዋን ጠጥቶ፣ ጉደርን ተሻግሮ፣ በባኮ በኩል ነቀምቴ የደረሰ መንገደኛ የጉዞውን እኩሌታ ያህል ፈጽሟል፤ ማደሪያውም እዚያ ቢሆን መልካም ነው።

ነቀምቴ ከአንድ ሌሊት በላይ ይገባታል። የለቃ ነቀምቴው ገዥ ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። በ1890ው የቤኒሻንጉል ዘመቻ እርሳቸውም ስለ ተሳተፉ የነቀምቴና የአሶሳ ታሪክ በዚህ ይገናኛል። ሌላው የነቀምቴ መታሰቢያ የኦነሲሞስ ነሲብ ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ በምፅዋ ነጻ ወጣ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1891 ዓ.ም. አሳተመ፤ በ1896 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ መጥቶ እስኪሞት ድረስ አስተማረ። በባሪያ ንግድ መንገድ ተነድቶ የሄደ ሕፃን መጽሐፍ ይዞ መመለሱን የሚያስብ መንገደኛ ከፊቱ ያለውን አገር በሌላ ዐይን ይመለከተዋል።

ከነቀምቴ ወዲያ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ይለወጣል፣ ሣሩ ይረዝማል። እንደገና ወደ ጊምቢ ደጋ ሲወጡ የቡናው ጥላ ይቀበላል። በምኒልክ ዘመን ለውጭ ኩባንያ የወርቅ ማውጫ ፈቃድ የተሰጠባት ነጆ፣ ቀጥላም መንዲ ታልፋለች። ከዚያም ዳቡስ ወንዝ ይመጣል። ዳቡስን ተሻግሮ ባምባሲ የደረሰ ሰው የቀርቀሃውን ምድር ረግጧል፤ ቤቱ፣ አጥሩ፣ አልጋው ሁሉ ቀርቀሃ ነው፤ በክረምት የሚበቅለው ለጋ ቡቃያም ተቀቅሎ ይበላል።

አሶሳ ሲደርሱ ቸኩሎ መመለስ አይገባም። በሚያዝያና በግንቦት ከተማይቱ የማንጎ አገር ናት፤ መንገዱ እንዲደርቅ ለሚፈልግ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት ይሻላሉ። መንገደኛው በበርታ ቤት የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቢጋበዝ እምቢ አይበል። የዙምባራ ጨዋታ ካጋጠመውም ቆሞ ያዳምጥ፤ እያንዳንዱ ነፊ በመለከቱ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው።

በዚህች ከተማ ያለፈው ታሪክ ሁሉ ግን የሚያኮራ አይደለም። የሼህ ሆጀሌ ባለቤት ሲት አምና በ1920 ዓ.ም. በሱዳን በባሪያ ንግድ ተከስሳ ተፈርዶባታል። ወርቁን ያጠቡት፣ እርሻውን ያረሱት፣ ተሽጠውም የሄዱት ብዙዎች ስማቸው አልተጻፈም። ስለ ገዥዎቹ ግርማ የሚያወራ አስጎብኚ ስለነዚህም ቢያወሳ ታሪኩ ይሟላል። በመጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከቤልጅግ ኮንጎ ተነሥተው ሱዳንን ያቋረጡ አፍሪካውያን ወታደሮች አሶሳን ከኢጣልያ እጅ አስለቀቁ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ድርቅ ያፈናቀላቸው የወሎና የሌላም አካባቢ ገበሬዎች በዙሪያዋ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ልጆቻቸው ዛሬ ይህን ምድር አገራቸው ብለው ይኖራሉ። ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በ1989 ዓ.ም. በሸርቆሌ፣ በ2004 ዓ.ም. በባምባሲ መጠለያ አግኝተዋል። መንገዱ ጦር ብቻ ሳይሆን የተቸገረውንም ሲያመጣ ኖሯል።

ከዚሁ ክልል፣ ከአባይ ማዶ፣ በጉባ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ቆሟል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና እንግሊዞች በተፈራረሙት የድንበር ውል የቤኒሻንጉል ምድር የኢትዮጵያ መሆኑ ጸና፤ በዚያው ውል ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የአባይን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል ቃል ገብቶ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ በዚያው ውል በተከለለው ምድር ላይ መገኘቱ ለታሪክ ተመልካች ትልቅ ነገር ነው።

እነሆ አሁን ወደ ዕቅዱ እንመለስ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ወለጋና በአካባቢው በተነሡ ግጭቶች ይህ መንገድ በተደጋጋሚ ተቋርጧል፤ ብዙ ሰው ሕይወቱን፣ ቤቱንና ንብረቱን አጥቷል። አሶሳ በአውሮፕላን የምትደረስ ከተማ ብትሆንም፣ ነጋዴውና ተማሪው፣ ታማሚውና ገበሬው ሁሉ በአየር ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ዛሬ ይህን ጉዞ የሚያቅድ ሰው ከመነሣቱ በፊት በየወረዳው ያሉትን ሰዎች ሊጠይቅ፣ ምክራቸውንም ሊሰማ፣ አትምጣ ካሉትም ሊቀር ይገባዋል።

አስፋልት ያነጥፍ ዘንድ መሐንዲስ በቂ ነው። በአስፋልቱ ላይ ያለ ሥጋት ለመሄድ ግን በግራና በቀኝ የሚኖረው ሕዝብ መንገዱን የኔ ብሎ ሲጠብቀው ነው። ይህንም የሚያደርገው መንገዱ ወርቁንና ጉልበቱን የሚወስድበት ብቻ ሳይሆን ትምህርትና ሕክምና፣ ገበያና እንግዳ የሚያመጣለት ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ከሸጎሌ ተነሥቶ በነቀምቴ አድሮ አሶሳ ላይ የማሽላ ገንፎ የሚበላ መንገደኛ የባለአገሩ እንግዳ ይሆናል።