የጊዜ ልክ በምዕራብ ወሎ፤ ከእግር ጥላ እስከ ባለ ደርብ ሰዓት

በቀድሞው አስተዳደር የቦረና አውራጃ ርእሰ ከተማ የነበረችው፣ ዛሬም የቦረና ወረዳ መቀመጫ የሆነችው መካነ ሰላም በስተ ምሥራቅ ወደ ለጋምቦና ወደ ደሴ፣ በስተ ምዕራብ ወደ ዐባይ በረሃ በምትመለከትበት በዚያ ደገኛ ምድር፣ የጊዜ ነገር ከጥንት ጀምሮ ባለቤት ነበረው፤ በ14ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖረው፣ ለቤተ ክርስቲያን መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሰላት ሊቅ አባ ጊዮርጊስ የሚጠራው በዚሁ በቦረና ባለው በጋሥጫ ገዳም ስም ነውና። ይህን ማስቀደሜ የብረት ሰዓት ጥበብ ከዚህ አገር ወጣ ለማለት አይደለም፤ መሣሪያው ወደ ደጋው በወጣ ጊዜ ልክን በቃልና በጥላ ጠብቆ የኖረ ሕዝብ እንዳገኘ፣ ከዚያም ወዲህ በሕይወት የቆየው ጠባቂ ባገኘበት ስፍራና ባገኘበት ዘመን ብቻ እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው።

ከብረት ሰዓት በፊት የነበረው መለኪያ ሰውዬው ራሱ ነበረ። መሪጌታው ጫማውን አውልቆ በደልዳላ መሬት ላይ ይቆምና የጥላው ጫፍ በደረሰበት ምልክት አስደርጎ፣ ከቆመበት እስከ ምልክቱ ድረስ ያለውን በገዛ እግሩ ይሰፍረዋል፤ ቁመቱ የረዘመ ሰው እግሩም በዚያው መጠን ይረዝማልና፣ ረጅሙና አጭሩ በቁጥሩ ብዙ አይለያዩም። ጥላው ግን በየወሩ ስለሚለዋወጥ የሐሳበ ዘመን መጻሕፍት ከወሩ ስም ጎን የጥላውን እግር ዘርዝረው ጽፈውታል። መካነ ሰላም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ያለች በመሆኗ፣ በሚያዝያ 10 እና በነሐሴ 19 ቀን ገደማ ፀሐይ በቀትር ከአናት ላይ ትውላለችና ጥላ ከእግር ሥር ይጠፋል፤ በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ሲወድቅ፣ በታኅሣሥ ግን ወደ ሰሜን ተዘርግቶ ከአራት እግር ያልፋል። የዚሁ አገር ሙስሊምም የዙህር ሰላት ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል፣ የዐስር ሰላት ደግሞ የአንድ ነገር ጥላ በቀትር ከነበረው ላይ የቁመቱን ያህል ሲጨምር ይገባል በሚለው ሥርዓት ዐይኑን በዚያው ጥላ ላይ አሳርፎ ስለ ኖረ፣ ደብሩና መስጊዱ በሃይማኖት ቢለያዩም በመለኪያ አንድ ነበሩ።

ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምሮ በ12 በ12 መክፈል ለዚህ ምድር የሚስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው። በመካነ ሰላም የዓመቱ ረጅም ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል፣ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነውና፣ ከክረምት እስከ በጋ የሰዓቱ ርዝመት እምብዛም አይዛነፍም። በሰሜን አውሮፓ የበጋው ቀን ከክረምቱ ቀን እጥፍ ስለሚሆን፣ እኩል የሚመታው የብረት ሰዓት ከፀሐይ ሰዓት ጋር መስማማት አቅቶት በመጨረሻ ሻረው፤ በእኛ ዘንድ ግን እኩል የሆነውን ሰዓት እኩል ከመሰለው ጋር አገናኝቶ በሰላም ገባ፤ ሰዉም ቆጣሪውን በ6 ሰዓት አዙሮ በአገሩ ቁጥር ማንበቡን ቀጠለ።

ከሰዓት በታች ላለው ክፍልም ሊቃውንቱ ሥርዓት ነበራቸው። አቡሻኽር በሚባለው የሐሳበ ዘመን ትምህርት ዕለቱ ከነሌሊቱ በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮሱ በ60 ካልዒት፣ ካልዒቱ በ60 ሣልሲት እየተከፈለ እስከ ሳድሲት ይወርዳል። በዛሬው ቁጥር ሲመነዘር አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ አንዱ ካልዒት 24 ሴኮንድ፣ አንዱ ሣልሲት የሴኮንድ አራት ዐሥረኛ ነው። ይህን ደቃቅ ክፍል ማንም በእጁ ይዞ አልለካውም፤ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት በሐሳብ ለማስተካከል የተበጀ ስለ ነበረ፣ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ እየተላለፈ ብቻ ኖረ።

ይህ ክፍል በብረትና በመንኰራኵር ሊሰማ የቻለው የኪስ ሰዓት በመጣ ጊዜ ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ ከዚያም የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት በየአውራጃው እየተከፈተ በሄደ ቁጥር፣ ሰዓት ከመኳንንት ኪስ ወደ ጸሐፊውና ወደ መምህሩ እጅ ወረደ። የዚያ ዘመን ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ 18,000 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 5 ጊዜ ይመታል፤ ስለዚህ ሁለቱ ምቱ በትክክል አንድ ሣልሲት ይሆናል። መሪጌታው በሐሳብ ብቻ ያወቀውን ክፍል ጸሐፊው ሳያውቀው ከጆሮው ሥር ይዞት ይዞር ነበር።

የጥላው ልክና የብረቱ ሰዓት ግን በአንድ ነገር አልተስማሙም። የአገራችን ሕጋዊ ሰዓት የቆመው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን፣ መካነ ሰላም ከዚያ በስተ ምዕራብ ከ6 ዲግሪ በላይ ርቃ ስለምትገኝ፣ በራዲዮ ድምፅ የተስተካከለ ሰዓት 6 ሰዓት በሆነ ጊዜ የአካባቢው ፀሐይ ቀትር ለመድረስ በአማካይ 25 ደቂቃ ያህል ይቀራታል። ልዩነቱ አንድ ኬክሮስ ያህል መሆኑ ነው፤ በጾም ወራት ተሰዓትን በጥላ የሚጠብቅ ካህንና በእጁ ሰዓት የሚጠብቅ ምእመን ቢከራከሩ ሁለቱም እውነት አላቸው።

ሰዓት በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ እንዲሠራ፣ ማለትም የቀኑን ሰዓት እያሳየ የተወሰነ ድርጊት የፈጀውን ጊዜ ለብቻ እንዲቆጥር የማድረግ ጥበብ ታሪኩ ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ሙዋኔ ለሥነ ፈለክ ምርምሩ በ1808 ዓ.ም. ገደማ የፈጸመው ቆጣሪ የሴኮንድን 60ኛ ክፍል ይለካ ነበር። የዚህ ጥበብ ፍሬ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የከበረው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ በፈጸመ ጊዜ ነው። የዚያ ኦሊምፒክ ሰዓት ጠባቂ የስዊሱ ኦሜጋ ነበረ፤ የአቡሻኽር መምህር ቢጠየቅ ግን ይህንኑ 5 ኬክሮስ ከ38 ካልዒት ከ10 ሣልሲት ተኩል ብሎ ይመልሰው ነበር።

ክሮኖግራፍ የሚባለው ይህ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰዓት በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ እንዲሆን ሠሪዎች የተሽቀዳደሙት በ1961 ዓ.ም. ነው። ዜኒት ጥር 2 ቀን የራሱን አስታወቀ፤ ሴይኮም በዚያው ዘመን በጃፓን የራሱን አወጣ፤ ሆየር፣ ብራይትሊንግና ሃሚልተን-ቡረን ከዱቡዋ ዴፕራ ጋር ተባብረው የሠሩትን «ካሊበር 11» ደግሞ የካቲት 24 ቀን፣ ለእኛ በዓድዋ በዓል ማግስት፣ ለዓለም አሳዩ። የእነዚህ ማኅበርተኞች መፍትሔ የቡረንን ሰዓት እንደ ምድር ቤት አቁሞ፣ ዱቡዋ ዴፕራ ያዘጋጀውን የቆጣሪ ክፍል እንደ ደርብ በላዩ መጫን ነበረ፤ ከዚህም የተነሣ የመሙያው ቁልፍ በግራ፣ የማስነሻውና የማቆሚያው ቁልፎች በቀኝ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድርጅቶች ኢቲኤ 2892ን በመሰለ የታወቀ ማሽን ላይ ከዚያው ከዱቡዋ ዴፕራ የተገዛ ደርብ እየጫኑ ሲሸጡ፣ በ1966 ዓ.ም. ገደማ የወጣው ቫልዡ 7750 ግን ቆጣሪውን ከሰዓቱ ጋር በአንድ አካል አዋሕዶ ተሠራ።

ባለ ደርቡን ከተዋሐደው መለየት ለገዢ አያዳግትም። ሰዓቱን ከጎን ሲመለከቱት የመሙያው ቁልፍ ከሁለቱ ተጫኝ ቁልፎች ጋር በአንድ መስመር ካልዋለ፣ የቀኑም ቁጥር ከገጹ ወደ ውስጥ ጠልቆ ከታየ፣ ደርብ አለው ማለት ነው፤ ቁጥሩ ያለው በታችኛው ማሽን ላይ ነውና። የሚገዛ ሰው ቆጣሪውን አስነሥቶ፣ አቁሞ፣ ወደ መነሻው ሲመልሰው በዜሮ ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ የደቂቃው ቆጣሪም ሳይደናቀፍ መራመዱን፣ ሁሉም በሥራ ላይ ሳለ ዋናው ሰዓት አለመዘግየቱን ሊመረምር ይገባዋል። በየአምስት ዓመቱ ገደማ ዘይቱ ስለሚደርቅ ታጥቦ መቀባቱ አይቀርም፤ የዚያን ጊዜም ጠጋኙ ጠቋሚዎቹንና ገጹን አንሥቶ፣ ደርቡን ከመሠረቱ ለይቶ፣ ሁለቱን ለየብቻ ማጠብ አለበት። የታችኛውን ማሽን የሰለጠነ ጠጋኝ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደርቡ ግን በተሰበረ ጊዜ ብዙዎቹ የስዊስ ሠሪዎች ራሳቸው ከመጠገን ይልቅ በአዲስ መለወጥን ይመርጣሉ፤ መለዋወጫውም ከባሕር ማዶ ካልመጣ ደሴ ላይ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ወረንጦውን፣ ጥቃቅን ካቻቪቴውንና የዐይን አጉሊውን በመስታወት ሣጥን ደርድሮ ከሱቅ በረንዳ የሚቀመጠው ሰዓት ጠጋኝ ሙያውን ያገኘው ከቀደመው ጠጋኝ ጎን ተቀምጦ እጁን በማየት ነው፤ የመሪጌታው ተማሪ ኬክሮስን የተማረበት መንገድ ከዚህ አይለይም። ታኅሣሥ 16 ቀን 1962 ዓ.ም. በቶኪዮ ለገበያ የቀረበው ባለ ባትሪው ሴይኮ፣ በኋላም በየሰዉ ኪስ የገባው ሞባይል ስልክ ለጠጋኙ ባትሪና ማሰሪያ መለወጥን አተረፉለት፤ ልጅ አስቀምጦ የሚያስተምረው ጥልቅ ሥራ ግን አሳነሱበት። ከዓረብ አገር ዘመድ የላከለትን ክሮኖግራፍ ያሰረ የቦረና ወጣት ቁልፉ አልመለስ ቢለው ጥፋቱ የሰዓቱ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያ ገብቶ ጠባቂ ባለመከተሉ ነው።

የሐሳበ ዘመን ጉባኤ ደቀ መዝሙር ባጣበት ደብር መጽሐፉ በዕቃ ቤት ተቀምጦ ሳለ በዓሉን የሚያወጣ ሊቅ ከሌላ ደብር ይለመናል። ጠጋኝ ባጣ ከተማም ሰዓቱ በእጅ ላይ እያለ ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይፈለጋል። ስለዚህ ክሮኖግራፍ ለመግዛት ያሰበ ሰው ስሙንና ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ማን እንደሚከፍተው ይጠይቅ፤ ሙያውም እንዳይቋረጥ የሚሻ አገር ጥቂት ልጆችን በቴክኒክ ትምህርት ቤትም ሆነ በበረንዳው ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጦ ወረንጦ ያስይዝ።