የውሰት መስመር

«ፌታል» ብሎ ጀምሮ «ሶሪ» የሚል የስህተት መልእክት ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሌላ አላየሁም። ደንበኛ በዝቶብኛል፣ ይቅርታ ማለቱ ነው። ማይኤስኪውኤል ይቅርታ አያውቅም፤ ስህተት 1040፣ መስመር በዝቷል፣ አለቀ።

የዳታቤዝ ሰርቨር በአንድ ጊዜ የሚቀበለው የግንኙነት መስመር (ኮኔክሽን) ልክ አለው። ካልተነካ ለፖስትግሬስ 100፣ ለማይኤስኪውኤል 151 ነው። ስህተቱ ሲመጣ ብዙዎች ቁጥሩን ወደ 1000 ያነሡታል። ፖስትግሬስ ግን ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን ፕሮሰስ ይከፍታል። ፕሮሰሱ ሥራ ፈትቶም ሚሞሪ ይይዛል፤ ሥራ ሲያገኝ ደግሞ ለአንድ የመደርደር ሥራ ብቻ እስከ 4 ሜጋባይት ተፈቅዶለታል። ሰርቨሩ መስመር ሞላብኝ ማለቱን ትቶ ሚሞሪ አልቆበት ሊወድቅ ይችላል።

ደህናው መንገድ «ኮኔክሽን ፑል» ነው። ጥቂት መስመሮች አንዴ ተከፍተው ይቀመጣሉ፤ ጥያቄ ሲመጣ አንዱን ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ለፖስትግሬስ ፒጂባውንሰር የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የእድር ድንኳን ማለት ነው፤ ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ስለማያዝን ጥቂቱ ለብዙው ይበቃል።

በአማርኛ ምን እንበለው? «የግንኙነት ቋት» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ዳታቤዙን ራሱን «የመረጃ ቋት» ብለን ስለጨረስን፣ ቋት ሞላ ሲባል የትኛው እንደሞላ ግራ ያጋባል። «ገንዳ» ደግሞ ዋና ያስታውሳል። እኔ «የውሰት መስመር» እላለሁ። ብር እንበደራለን፣ ድስት እንዋሳለን። የተበደርነውን አጥፍተን ሌላ ብር እንመልሳለን፤ ድስቱን ግን ያንኑ፣ ያውም አጥበን። ፒጂባውንሰርም አንድ ደንበኛ መስመሩን ይዞ እስኪወጣ በሚጠብቅበት አሠራሩ፣ መስመሩ ሲመለስለት «ዲስካርድ ኦል» የሚል ትእዛዝ ሰድዶ የቀድሞውን ተጠቃሚ ጊዜያዊ ሠንጠረዥና ቅንብር ያጥባል።

እንግሊዝኛው መስመር እየጎደለ የሚያልቅበትን ችግር «ሊክ»፣ ማፍሰስ፣ ይለዋል። የሚፈስ ነገር ግን የለም፤ የተዋሰው አልመለሰም እንጂ። ኮዱ ሥራው ሲሳካ መስመሩን ይመልሳል፣ መሐል ላይ ስህተት ሲያጋጥመው ግን ይዞት ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ይዞ ቀረ?» ነው። በፖስትግሬስ «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ»ን ከፍቶ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሚሉትን ማየት ነው፤ ትራንዛክሽን ጀምረው የተኙት እነሱ ናቸው። በማይኤስኪውኤል «ሾው ፕሮሰስሊስት» ላይ «ስሊፕ» የሚሉት ይታያሉ፤ ካልተነኩ 28,800 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ሰዓት ሙሉ፣ ይተኛሉ።

ሁሉም በወቅቱ እየመለሰም ሰርቨሩ ሊሞላ ይችላል። የአፕሊኬሽኑ 6 ቅጂዎች እያንዳንዳቸው 20 መስመር ቢይዙ 120 ነው፤ ከፖስትግሬስ 100 ያልፋል።

ሲሞላ ለማየትም መግቢያ ያስፈልጋል። ለዚህ ፖስትግሬስ ከ100ው 3ቱን፣ ማይኤስኪውኤል ከ151ዱ በላይ 1 ለአስተዳዳሪ ያስቀምጣሉ። አፕሊኬሽኑ ራሱ በአስተዳዳሪ ስም የሚገባ ከሆነ ግን እነዚህንም ይበላቸዋል።