ሰሙ ይለቅ፣ ቀለሙ ይኑር

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን እኛ ቤት አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። በምን መሰላችሁ? በሰም! አዎ፣ በሰም።

ታናሽ ወንድሜ ስንት ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ፣ እቁብ ሲጥል ኖሮ ዘንድሮ አዲስ ሚኒባስ ገዛ። መኪናዋ ገና የደጀንን መናኸሪያ ሳትረግጥ ስልኩ መጮህ ጀመረ። «ሴራሚክ ኮቲንግ አስደርግ፣ ለአምስት ዓመት ስለ ቀለም አታስብም» የሚል ደላላ ነው። የጠራለት ዋጋ አራት አዳዲስ ጎማ ይገዛል። ወንድሜ እጅ ላይ የቀረችው ደግሞ ያችው ገንዘብ ብቻ ነበረች።

«ጋሼ፣ አንተ የታሪክ አስተማሪ አይደለህ? እስኪ ንገረኝ፤ ይሄን ላስደርግ ወይስ ተራ ዋክስ ይበቃኛል?» አለኝ።

እናታችን ከጓዳ ሆና ሰማችን። «የጠጁ ሰፈፍ እያለ ሰም ምን ያስገዛችኋል?» አለች። ሳቅን። ኋላ ግን ነገሩን ሳብሰለስለው፣ የሦስታችንም ጥያቄ አንድ መሆኑ ገባኝ። እስኪ ላጫውታችሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን ለምን እንዳላቀለልኩት ልንገራችሁ። አባታችን አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያያት። ቅዳሜ ቅዳሜ በዱቄት ሳሙና ያጥባታል፣ ከዚያ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ይወለውላታል። ታብለጨልጫለች። እኛም ልጆቹ ፊታችንን እናይባት ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ጣሪያዋና ኮፈኗ አመድ መሰለ። በእጅ ስትነኩት እንደ ጠመኔ ብን ይላል። አባባ ሊሸጣት ሲወስን፣ ገዢው ጣሪያዋን በጣቱ አሸት አደረገና የወጣውን ዱቄት ለአባባ አሳየው። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ዋጋውን ብቻ ቀነሰ። ያ የተቀነሰው ገንዘብ ለእህታችን የኮሌጅ ክፍያ የታሰበ ነበር። አንድ ዓመት ቤት ተቀመጠች። ስለዚህ እኛ ቤት የመኪና ቀለም የጌጥ ነገር አይደለም።

አባባ የሚወዳትን መኪና ለምን በገዛ እጁ ጎዳት? መልሱ ያለው የመኪና ቀለም ታሪክ ውስጥ ነው።

መኪና አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም ገደማ ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ድረስ አመጣ፤ ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ተከተለ። በዚያ ዘመን መኪና የሚቀባው እንደ ፈረስ ሠረገላ ነበር። በዘይት የተለወሰ ቀለም በብሩሽ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ይፈገፈጋል፣ እንደገና ይቀባል፤ መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ ይደረብበታል። አንዷን መኪና ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲን በጥቁር ብቻ ያወጣ እንደነበር ሰምታችሁ ይሆናል። ርካሽና ጠንካራ ጥቁር ቀለም ለፋብሪካው ጥድፊያ ስለተመቸ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1923 ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዱኮ» የሚባል ቀለም አወጣ። በብሩሽ መቀባት ቀረና በመርጫ መንፋት መጣ፤ የሳምንታቱ ሥራ በሰዓታት አለቀ። የቀለም ምርጫውም በዛ። ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረው። ፀሐይና አየር ላዩን ይበሉታል፤ ይደበዝዛል፣ ዱቄት ያወጣል። ስለዚህ ባለመኪናው በየጊዜው የሞተውን ቆዳ በፖሊሽ ፈግፍጎ ሰም መቀባት ነበረበት። ቺካጎ ውስጥ የተመሠረተው ሲሞናይዝ የሚባለው የሰም ኩባንያ በዚህ ሥራ እንዲህ ገነነና ስሙ በእንግሊዝኛ «መኪና መወልወል» የሚል ግስ ሆኖ ቀረ። ያን ጊዜ ሰም ለመኪና ልክ እንደ ቅቤ ለፀጉር ነበር፤ ካልተቀባ ይደርቃል።

የአባባ ፒክአፕም ቀለሟ ከላይ መከላከያ ያልተደረበበት ዓይነት ነበር። ዱቄት ሳሙናው ያለችውን ጥቂት ቅባት አጥቦ ይወስዳል። ናፍጣው ደግሞ ለአንድ ቀን ያብለጨልጫል እንጂ ከፀሐይ አይከልልም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ እያደር ቀለሙንም ጎማውንም ይጎዳል። አባባ የወለወላት መስሎት ያራቁታት ነበር።

አሁን ወደ እናታችን ሰፈፍ እንምጣ። እማማ ከመሬት ተነስታ አልተናገረችም። ጎጃም የማር አገር ነው። ባሶን የመሳሰሉ የጎጃም ገበያዎች በገነኑበት በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ከአገራችን በምጽዋ በኩል ከሚወጡት ሸቀጦች አንዱ ሰም ነበር፤ ከዝባድ፣ ከዝሆን ጥርስና ከቡና ጋር። ዛሬም ኢትዮጵያ በንብ ሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ፣ ከዓለምም ከፊተኞቹ ተርታ ናት። ነጋዴዎች ከየጠጅ ቤቱ ሰፈፍ ሰብስበው፣ ቀልጦና ተጣርቶ ወደ ውጭ ይላካል። እዚያ ሻማ ይሆናል፣ የከንፈር ቅባት ይሆናል፣ የጫማና የዕቃ መወልወያ ይሆናል። ከዚያ በቆርቆሮ ታሽጎ ተመልሶ ይመጣና በውድ እንገዛዋለን። የእናቴ ጥያቄ የኢኮኖሚ ጥያቄም ነው!

ታዲያ ሰፈፉን ለምን አልቀባንም? የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያም በታች ይለሰልሳል። ዓባይ በረሃ ላይ ቀትር ላይ የቆመ መኪና ላሜራው እጅ አያስነካም፤ ጥቁር ከሆነማ ያን ያህል ይግላል። የለሰለሰ ሰም ደግሞ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይለጥፋል። ለመኪና የተመረጠው ካርናውባ የሚባለው ሰም ከብራዚል የሚመጣ ነው። የዘንባባ ዓይነት ዛፍ ቅጠሉን ከድርቅ ለመከላከል የሚያወጣው ሰም ሲሆን፣ የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። የንብ ሰምም ለመወልወል እንዲቀል እየተባለ ይቀላቀልበታል። ስለዚህ እማማ ግማሽ እውነት አላት።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ትልቁ ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ፋብሪካዎች ከቀለሙ በላይ «ክሊር» የሚባል ቀለም የሌለው መከላከያ መደረብ አዘወተሩ። ጎጂውን ጨረር የሚውጥ ቅመም ያለው እዚሁ ድርብ ውስጥ ነው። ውፍረቱ ግን ከአንድ የራስ ፀጉር አይበልጥም። አንዳንድ ነጭ የሥራ መኪና አሁንም ክሊር የለውም። ለማወቅ ጠቆር ባለ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጋችሁ አንድ የማይታይ ቦታ እሹ፤ ጨርቁ ላይ የመኪናው ቀለም ከወጣ ክሊር የለውም ማለት ነው።

ሌላም ውርስ አለ። «አዲስ መኪና ሁለት ወር ሳይሞላው ሰም አይነካም» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ይህ ጋራዥ ውስጥ እንደገና ለተቀባ መኪና ይሠራል፤ ቀለሙ ቀስ እያለ ስለሚደርቅ መተንፈስ አለበት። የፋብሪካ ቀለም ግን 140 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ተጋግሮ ነው የሚወጣው። በወጣበት ቀን ቢቀባ ችግር የለውም። የአያት ምክር ለአያት ቀለም ነበር ማለት ነው።

ሴራሚኩስ? ስሙ ሸክላ ሸክላ ቢልም፣ ከአሸዋና ከብርጭቆ ዘመድ ከሲሊካ የተሠራ ፈሳሽ ነው። ከክሊሩ ጋር ተጣብቆ ይደርቃል። በደንብ ከተሠራ ከሰም በብዙ እጥፍ ይቆያል፣ ውኃና ጭቃም ቶሎ ይለቅለታል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ደላላው «ናይን ኤች ነው፣ ድንጋይ አይጭረውም» ሲል ቆም በሉ። ናይን ኤች የእርሳስ መለኪያ ነው፤ በጣም ጠንካራው እርሳስ አይጭረውም ማለት ነው እንጂ የኮረት ድንጋይ አይነካውም ማለት አይደለም። ደግሞ ከሥሩ ያለውን አብሮ ያሽገዋል። አንድ የምናውቀው ሰው መኪናው በደንብ ሳይጸዳና ጭረቱ ሳይወጣ ተቀባለት፤ ይኸው ጭረቱን እንደ ፎቶ በመስታወት ውስጥ ይዞት ይዞራል።

ድንጋይ የሚመክተው ፒፒኤፍ የሚባለው ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ነው። የዘር ሐረጉ ከቬትናም ጦርነት ይመዘዛል፤ አሜሪካኖች የሄሊኮፕተር ክንፍ በአሸዋና በፍርስራሽ እንዳይበላ የለጠፉት ፕላስቲክ ነበር።

እንግዲህ የእኛ ጠላት የትኛው ነው? ደጀንን የሚያውቅ ያውቃታል። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከጎሐ ጽዮን ወዲህ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። በዚያ መንገድ ከባድ መኪና ፊት ፊት ሲያቃስት ጎማው የሚወረውረው ኮረት፣ የፍሬን ሸራ ብናኝ፣ አቧራው አለ። ላይ ስትወጡ ደግሞ ፀሐይዋ ትቀበላችኋለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጎጂው ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ደጀን ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር ስለማያንስ፣ ከባሕር ዳርቻ ሰው መኪና የእኛ መኪና ሩብ ያህል ተጨማሪ ፀሐይ ትጠጣለች ማለት ነው።

ለወንድሜ ያልኩት ይኼን ነው። ገንዘብህን ሁሉ አንድ ቀን አትቀባው። ድንጋይ የሚመታው ፊቷን ነው፤ ፕላስቲኩን ኮፈኗ ጫፍና ፊት ፓራውልቷ ላይ ብቻ አስለጥፍ። ጣሪያዋንና ጎኗን በየሁለት ወሩ ጥሩ ዋክስ በገዛ እጅህ ቀባት፤ በጥላ፣ ላሜራው ሲበርድ። ውኃ ስታፈስባት እንደ ዶቃ ካልተንከባለለ ሰሙ አልቋል። ዱቄት ሳሙናና ናፍጣ ግን በአጠገቧ አይለፍ። ሴራሚኩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የአንተ ችግር «አላስብም» የሚለው ቃል ነው፤ አባባም ያበለጨለጨች ለት ማሰብ አቁሞ ነበር።

ተስማማን። የተረፈችው ገንዘብ ለጎማ ተቀመጠች። ያለፈው እሑድ ጣሪያዋን ሁለታችን ስንቀባ እማማ ወንበር አውጥታ ታየን ነበር። «እና ይሄ ሰም ሁለት ወር ሳይሞላው የሚለቅ ከሆነ ምን ይሠራል?» አለችን።

ወርቅ አንጥረኛ ሰሙን ያቀልጠዋል፣ ወርቁ ይቀራል፤ የቅኔ አገር ሰዎች ይህን እናውቃለን። የመኪናም ሰም እንደዚያው ነው። ሥራው መልቀቅ ነው፤ ፀሐይዋ የምትበላው እሱን ነው፣ እሱ እስካለ ድረስ ቀለሙን ትታገሠዋለች። የአባባ ፒክአፕ ላይ የሚበላ ሰም ስላልነበረ ቀለሟ ተበላ፤ ከቀለሟም አልፎ የእህታችን አንድ ዓመት።

እህታችን ዛሬ ነርስ ናት። ይህን ጽሑፍ ሳነብላት «ምነው ያኔ በነገርከው!» አለችኝ። ያኔማ እኔም ፊቴን እያየሁባት ስስቅ ነበር።

እናንተስ፣ በአካባቢያችሁ መኪና በምን ይታጠባል? አሁንም ናፍጣ የሚቀባ አባት ካላችሁ ይህን አንብቡለት፤ በትሕትና ግን! ቸር ሰንብቱ።