የዐጸዱ ሕግ፦ የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ታሪክ

ከወረታ ተነሥቶ፣ የፎገራን ሜዳ ወደ ኋላ ትቶ፣ የዓለም ሳጋን ደን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር ለሚወጣ መንገደኛ፣ ግራና ቀኙ እስከ ተራራው ወገብ ድረስ የታረሰ ምድር ነው። በዚህ ሁሉ እርሻ መካከል ግን በየጉብታው ላይ ለብቻው ተከብቦ የቆመ ጥቁር አረንጓዴ ደን ያያል፤ ወደ አንዱ ቢጠጋም ከዛፎቹ መካከል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ብሎ ያገኛል። በፋርጣና በእስቴ፣ በደራና በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በእብናት፣ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳም ጭምር እንዲህ ያሉት ዐጸዶች ተቈጥረው ከ1000 በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ብዙዎቹ ከጥቂት ሄክታር የማያልፉ ሲሆኑ፣ እንደ ደራው ገላውዴዎስ ያለው ግን እስከ 100 ሄክታር ይደርሳል።

የዘመናችን ሊቃውንት ስለ ኃይል ምንጭ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ አየር ጠባይ ለውጥ በሚመራመሩበት በዚህ ጊዜ፣ እነዚህ ዐጸዶች ከሩቅ አገር ጭምር ተመራማሪ የሚመጣባቸው ስፍራዎች ሆነዋል። ነገር ግን ምርምሩ ሊደረግ የቻለው፣ ከምርምሩ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት የኖረ አንድ ሕግ ዛፎቹን ጠብቆ ስላቈየ ነው። ይህ ሕግ እንዴት እንደ ተሠራ፣ ምን እንዳዳነና ምን ሳያድን እንደ ቀረ መመርመር፣ ያለፈውን ከማወቅ አልፎ ለሚመጣውም የሚበጅ ነገር ነው።

አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ሲተክሉ ለታቦቱ ማረፊያ ከፍ ያለና ጸጥ ያለ ስፍራ ይመርጡ ነበር፤ በዙሪያው ያለውን ጥድና ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ፣ ዋንዛና ብሳናም ከቅጽሩ ጋር አንድ አድርገው የተቀደሰ ይሉታል። ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ልብሱን እንደ ተገፈፈ ሰው ይቈጠር ነበርና፣ ዐጸዱን መቍረጥ መቅደሱን እንደ መዳፈር ያለ በደል ነው። ይህ ሕግ በአንቀጽ ተከፋፍሎ የተጻፈ አይደለም፤ በልማድ፣ በውግዘትና በፈሪሃ እግዚአብሔር የጸና ነው እንጂ። የወደቀ ዛፍ ቢገኝ ለቤተ ክርስቲያኑ እድሳት፣ ደረቅ ቅርንጫፍም ቢገኝ መገበሪያው ተፈጭቶ ኅብስቱ ለሚጋገርበት ለቤተ ልሔሙ እሳት ይውላል እንጂ፣ ማንም ወደ ቤቱ ተሸክሞት አይሄድም። ገበዙ ይጠብቃል፣ አለቃው ይዳኛል፣ ምእመኑም ሙታኑን ከዛፎቹ ሥር ስላሳረፈ ስፍራውን እንደ ርስቱ ያከብረዋል።

ከላይ የተጠቀሱት ወረዳዎች ያሉባት ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት ምድር መሆኗም ሕጉን አጽንቶታል። የቤተልሔም ደብር በድጓ፣ ዙር አባ በዝማሬ መዋሥዕት፣ ደብረ ታቦርም በተክሌ አቋቋም የታወቁ ስለ ሆኑ፣ ከየአገሩ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ በዐጸዱ ጥግ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ፣ ቀን ቀለሙን እያጠና፣ ሌሊት ማኅሌቱን እየቆመ ዘመኑን ይገፋበት ነበር። የጉሬዛው ድምፅና የተማሪው ዜማ በአንድ ጥላ ሥር ሲሰሙ የኖሩበት ቦታ፣ መጥረቢያ ይዞ ለሚመጣ ሰው እንዲሁ የሚደፈር አልነበረም።

ይህ ክልከላ ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው የሚታወቀው ከዐጸዱ ውጭ የሆነውን ነገር ስናይ ነው። ራስ ጉግሣ መርሳ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ካደረጉበት ጊዜ አንሥቶ፣ በልጅ ልጃቸው በዳግማዊ ራስ ዓሊም ዘመን፣ ከዚያም በዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት፣ ያ ሁሉ ሠራዊትና ያ ሁሉ የቤተ መንግሥት ሰው ምግቡን ያበሰለው፣ ቤቱንም የሠራው ከዚሁ አገር በተቈረጠ እንጨት ነው። ከከተማይቱ አጠገብ ባለችው በጋፋት ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፓዊውን ሚስዮናዊ ዋልድማየርንና ባልንጀሮቹን ሰብስበው መድፍ ባሠሩ ጊዜም፣ የዚያ ሁሉ ጥበብ ጕልበት እሳት ነበረ፤ እሳቱም የሚያድረው በእንጨትና በከሰል ነው። ክብደቱ 7 ቶን የሚገመተው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በዚህች መንደር ተሠርቶ፣ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጕልበት ስድስት ወር ያህል ተጎትቷል። ስለ ኃይል ምንጭና ስለ ማዕድን ማቅለጥ ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚነሣው ጥያቄ በዚህች መንደር በሌላ መልክ ተነሥቶ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን የአገሩ ዛፍ ነው።

ከዚህም በኋላ ያለውን ታሪክ የሚናገር አንድ ያልታሰበ ምስክር አለ። የኢጣሊያ ጦር አገራችንን በወረረበት ዘመን አብራሪዎቹ ምድሩን ከሰማይ ፎቶግራፍ አንሥተውት ነበር፤ ሥዕሎቹም በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ ድርጅት ለረጅም ጊዜ ተከማችተው ከቆዩ በኋላ ተመራማሪዎች አግኝተዋቸው፣ በ1938 እ.ኤ.አ. የተነሡትን የደቡብ ጎንደር ሥዕሎች በ2015 እ.ኤ.አ. ከሳተላይት ከተነሡት ጋር አስተያዩአቸው። የተገኘውም ነገር ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ዐጸዶቹ በዚያን ጊዜም ዛሬ እንደሚታዩት ተነጣጥለው የቆሙ ነበሩ እንጂ፣ በአያቶቻችን ዕድሜ ምድሩን ሁሉ የሸፈነ አንድ ታላቅ ደን አልነበረም፤ በሰባ ሰባት ዓመትም ውስጥ ብዙዎቹ ስፋታቸውን ጠብቀው ኖረዋል። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቍጥቋጦ ነው፤ እርሱ ታርሶ እርሻው እስከ ቅጽሩ ደርሷል፣ ባሕር ዛፍም ከበፊቱ በዝቷል።

በእነዚህ ዓመታት መካከል አገሪቱ ብዙ አይታለች። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ቤተ ክርስቲያን ከቅጽሯ ውጭ ያላትን መሬት አጣች፤ ሕዝቡ በዛ፣ እርሻውም ጠበበ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዐጸዱ ሳይቀንስ መቆየቱ በአጋጣሚ ወይም በመሬቱ አቀማመጥ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ የጠበቀው ሰውና ሕግ ነው።

በዐጸዱ ከተጠበቁት ዛፎች መካከል ብዙዎቹ የመድኃኒት ዛፎች ናቸው። ኮሶ ጥሬ ሥጋ ለሚበላው ሕዝባችን የትል መድኃኒት ሆኖ ከመኖሩም በላይ፣ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሥዕሉንና ነገሩን በመጽሐፉ ስላሰፈረው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞችም አበባውን እያስመጡ ያዝዙት ነበር። የጥቁር እንጨት ልጥ በአውሮፓ ለአረጋውያን የሽንት ችግር መድኃኒት ሆኖ ስለ ተፈለገ፣ ዛፉ በአፍሪካ ሁሉ እየተላጠ እንዳያልቅ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቍጥጥር ሥር ውሏል። ሴቶቻችን ልብስ የሚያጥቡበትን እንዶድም ያየን እንደ ሆነ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላዩ ነው፣ ፍሬው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ እንደሚገድል የተረዱት፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ደብተራው በብራናው፣ እናት በልማዷ የያዘችው ዕውቀት አስተዋይ ዓይን ሲያገኝ ለዓለም የሚተርፍ መሆኑን ይህ በቂ ማስረጃ ነው፤ ዕውቀቱ ያለ ተክሉ ግን ባዶ ስም ነው።

ዐጸዶቹን በሳይንስ ዘዴ ከመረመሩት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠሩት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በሆላንድ አገር በቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ለዶክትርና ያቀረቡት ድርሳን በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ የተጻፈ ነው፤ በ28 ዐጸዶች ባደረጉትም ቈጠራ 168 ዓይነት እንጨት ያላቸው ተክሎች ተገኝተዋል። ከዚህ ቍጥር ይልቅ ልብን የሚነካው ግን ከመሬቱ ሥር ያገኙት ነገር ነው። ከደኑ ወለል አፈር ተወስዶ፣ ውኃ እየጠጣ፣ የሚበቅለው ሲጠበቅ፣ በአብዛኛው የወጣው ሣርና አረም ነበረ፤ ከላይ ቆመው ከሚታዩት ታላላቅ ዛፎች የብዙዎቹ ዘር በአፈሩ ውስጥ አልተገኘም። የአገራችን የደጋ ዛፎች ዘር በአመዛኙ ወድቆ ወዲያው ይበቅላል ወይም ይጠፋል እንጂ ለዓመታት ተደብቆ አይቈይምና፣ አንድ ዐጸድ ከተቈረጠ መሬቱ ራሱ የሚመልሰው ደን የለም ማለት ነው። የቆመው ዛፍ ብቻ ነው የዘሩ ጎተራ።

ከዚህም ጋር ሌላ ነገር ተገለጠ። ከብት የሚገባበት ደን በአጥር ከተከለለ ቍራሽ ጋር ሲነጻጸር፣ በተከለለው ውስጥ ዘሩ በቅሎ ችግኙ ያድጋል፤ ባልተከለለው ውስጥ ግን ሰኮናው ይረግጠዋል፣ ጥርሱም ይቀጥፈዋል። ሽማግሌው ዛፍ ተከብሮ ቆሞ ሳለ፣ ሊተካው የሚገባው ልጁ ከሥሩ ይሞት ነበር። አባቶቻችን መጥረቢያን አወገዙ እንጂ፣ ለቅዳሴ የመጣው ሰው በቅሎውን የሚያስርበት፣ እረኛውም በበጋ ከብቱን የሚያስጠልልበት ስለ ነበረ ሰኮናን አላወገዙም።

ይህ ከታወቀ በኋላ ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የዛፍ ሊቅ ከማርጋሬት ሎማን ጋር ሆነው፣ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር እየመከሩ፣ በየዐጸዱ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አደረጉ። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው እርሻ ስለ ሆነ፣ ማሳው ለማረሻው ይመቻል፣ ዐጸዱም ይከበራል፤ ለመቅደሱ ቅጥር መሥራትም በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ በጎ ምግባር ነውና ሥራው እንግዳ አልሆነም። ካቡ በተሠራበትም ስፍራ ችግኝ መብዛቱ ታይቷል። ይሁን እንጂ በተመራማሪዋ በካትሪን ካርዴሉስ መሪነት ተጠንቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ ጉዳቱ ከውጭ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በደኑ ውስጥ የሚወጡ አዳዲስ መንገዶች፣ የሚሰፉ መቃብሮች፣ የሚጨመሩ ሕንፃዎችና ለጽዳት ተብሎ የሚመነጠረው ወለል ትንሹንም ትልቁንም ዐጸድ ያሳሳሉ።

የአየር ጠባይ ምርምርም የዚህን አገር ነገር ይበልጥ አሳሳቢ አድርጎታል። ከጣና ሐይቅ ወለል በቱቦ የወጣው ጭቃ ሲመረመር፣ ከ16 ሺህ ዓመት በላይ በፊት ሐይቁ ደርቆ እንደ ነበር ተረጋግጧል፤ ጣናን ያህል ውኃ ከደረቀ፣ ዝናማችን ለዘላለም የተሰጠን ነው ብለን የምንዘናጋበት ምክንያት የለም። በላይኛው የዓባይ ተፋሰስ የጥድ ዛፎችን ዓመታዊ ቀለበት የመረመሩት ሙሉጌታ ሞክሪያ፣ አስቴር ገብረክርስቶስና ባልደረቦቻቸው በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ደግሞ፣ ብርቱ ድርቅ የሚደጋገምበት ጊዜ እየተቀራረበ መምጣቱን አሳይተዋል። ለእንዲህ ያለ ምርምር የሚሆነውን ያረጀ ጥድ የሚሰጠው፣ ዛፍ እንዲያረጅ የተፈቀደበት ቦታ ብቻ ነው፤ በደጋው ምድራችን ዛፍ የሚያረጀውም ይልቁን በዐጸድ ውስጥ ነው።

ከፍታው ከ4100 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ውኃውን በርብና በጉማራ በኩል ወደ ጣና ይልካል፤ ጣናም በበኩሉ ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የጣና በለስን የኃይል ማመንጫ ያንቀሳቅሳል፣ በዓባይም በኩል እስከ ሕዳሴው ግድብ ይወርዳል። ስለዚህ ጉና ላይ የሚራቈተው መሬት ደለል ሆኖ የሚወርደው በአገሪቱ የብርሃን ምንጭ ላይ ነው። በዚያው ተራራ ግርጌ ያለችው እናት ግን እስከ ዛሬ ምድጃዋን የምታነደው በኩበትና በባሕር ዛፍ ነው፤ ማዳበሪያ መሆን የሚገባው ኩበት አመድ ሲሆን የእርሻው ጕልበት ይደክማል፣ የደከመ እርሻም ተጨማሪ መሬት ይፈልጋል፣ ተጨማሪ መሬት የተፈለገ ጊዜም ወደ ዐጸዱ ጫፍ ይታያል። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ የአገሩን ዛፍ ከመጥረቢያ በማሳረፉ ምስጋና ይገባዋል፤ የአገሩን ዛፍ ግን አይተካም፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አያበቅልም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። የዐጸዱ ሕግ በኖረበት ዘመን ሁሉ ከማናቸውም አዋጅ ይልቅ የጸና ሆኖ ተገኝቷል፤ ጕድለቱ አንድ ብቻ ነው፣ ይኸውም ዛፉን እንጂ ችግኙን አለመጥቀሱ ነው። ሕጉን ያወጡት አባቶች ችግኝን ስለ ናቁ አይደለም፤ በእነርሱ ዘመን ቍጥቋጦው በዙሪያው ሞልቶ ስለ ነበረ ይህ ጭንቀት አልደረሰባቸውም። ዛሬ ግን እርሻው ቅጽሩን ነክቷል፣ በአፈሩም የብዙዎቹ ዛፎች ዘር የለም። ስለዚህ አለቃውና ገበዙ፣ መጥረቢያ እንዳይገባ እንደ ተወገዘ ሁሉ ከብትም እንዳይገባ፣ የደኑም ወለል ያለ አግባብ እንዳይመነጠር፣ መቃብርና ሕንፃ ሲጨመርም ወሰን እንዲኖረው በዚያው በቀደመው ሥልጣናቸው ሊደነግጉ ይገባል። ተመራማሪውም ያገኘውን በባዕድ ቋንቋ አሳትሞ መሄዱ አይበቃውም፤ በዐውደ ምሕረቱ ቆሞ፣ ካህኑና ገበሬው በሚሰሙት ቃል ማስረዳት ዕዳው ነው፤ የተመራመረበትን ዛፍ ጠብቀው ያቈዩለት እነርሱ ናቸውና። ሁለቱ ከተባበሩ ዐጸዱ ከቅጽሩ ወጥቶ የተራቈተውን የጉናን ጎን የሚያለብስ የዘር ምንጭ ይሆናል፤ ሳይተባበሩ ቢቀሩ ግን ዛሬ የቆሙት ዛፎች በዕድሜያቸው ወድቀው የሚተካቸው ይጠፋል፣ ያን ጊዜም የሚወቀሰው መጥረቢያ ሳይሆን ዐውቀን ዝም ያልነው እኛ እንሆናለን።